ለማሽን የሚጾም ጾም

ጅቡቲ ከተማ ውስጥ ካንሰር የያዘው ሰው ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ከጾም አያመልጥም። እስልምና ሕመምተኛን ከረመዳን ጾም ነጻ ያወጣዋል፤ የእኛ የክርስቲያኖቹም ካህናት ለደከመ ሰው ይፈቅዳሉ። ሲቲ ስካን ግን እንዲህ ያለ ልል እምነት አይደለም። ቀጠሮ የተቆረጠለት ሁሉ ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ እህል ቀርቶ ውሃ አይቀምስም። ረመዳን እንኳ ማፍጠሪያ ሰዓት አለው፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ቴምሩ ይቀርባል። የዚህኛው ማፍጠሪያ ስም ሲጠራ ነው፤ ስም መቼ እንደሚጠራ የሚያውቅ ደግሞ ከፈጣሪ በቀር የለም።

ሥርዓቱ ፍትሐዊ ነው። ማሽኑ አንድ፣ ሕመምተኛው ብዙ ቢሆንም ሁሉም በጠዋት እንዲገኝ ይታዘዛል። መጀመሪያ የሚገባውም እኩለ ቀን ላይ የሚገባውም እኩል ይጠማሉ። ሐምሌ ከሆነማ፣ ኻምሲን የሚሉት ትኩስ ነፋስ ሙቀቱን ከ40 ዲግሪ በላይ ሲያደርሰው፣ የጾሙ በረከት እጥፍ ነው።

ከድሬዳዋ ልጃቸው ዘንድ መጥተው የሚታከሙ አንዲት እናት እዚያ ወረፋ ላይ አይቻለሁ። ውሃ የሞላ ሃይላንድ በነጠላቸው ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ልጃቸው ነርሷን በሶማሊኛ ለመነቻት፤ እናቴ ከንፈሯን ብቻ ታርጥብ አለቻት። ምርመራው ይበላሻል ተባለች። እኩለ ቀን ሲቃረብ ስማቸው ተጠራ። ነርሷ ክንዳቸውን አሰረች፣ መታ መታ አደረገች፣ ወጋች፣ አወጣች፣ ሌላኛውን ክንድ አሰረች። በኬሞ የደከመ ደም ሥር በጥም ጭራሽ ተሸሽጓል። በመጨረሻ ቀና ብላ እየተገረመች ጠየቀች፦ «ውሃ አይጠጡም እንዴ እማማ?»

ይህ ጾም ያለ ምክንያት አልተጀመረም። በድሮ ጊዜ ምስሉን ለማጉላት በደም ሥር የሚሰጠው አዮዲን ያለበት መድኃኒት ክምችቱ ከደም ብዙ እጥፍ የበለጠ ነበርና ያስመልስ ነበር። ቶርስተን አልሜን የተባለ ስዊድናዊ የራጅ ሐኪም ባሕር ሲዋኝ ጨው የበዛበት ውሃ ዓይኑን እንደሚያቃጥል፣ የባልቲክ ለዘብ ያለ ውሃ ግን እንደማያቃጥል አስተዋለ። መድኃኒቱንም እንዲሁ ማለዘብ ይቻላል ብሎ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1969 አሳተመ። ዛሬ በዓለም በአብዛኛው የሚሰጠው በዚያ መንገድ የተሠራው ነው። የአውሮፓ የሽንትና የመራቢያ አካላት ራጅ ሐኪሞች ማኅበርም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ ለዚህ መድኃኒት ሲባል መጾም አያስፈልግም ብሏል። እንዲያውም ለኩላሊት የሚበጀው ውሃ ጠጥቶ መምጣት ነው። ከባሕር ጠለል 155 ሜትር ዝቅ ብሎ የተኛ፣ ከባሕር በብዙ እጥፍ ጨዋማ የሆነው የአሳል ሐይቅ ባለቤት የሆነች አገር የአልሜንን ነገር ከማንም ቀድማ ይገባታል ብዬ ነበር።

አትጹሙ ማለቴ አይደለም። የሐሞት ከረጢት አልትራሳውንድ ባዶ ሆድ ይፈልጋል። ፔት ስካን የሚነሣ ሰው ስድስት ሰዓት ያህል ከምግብ ይታቀባል፤ የሚወጋው ስኳር መሰል ነገር ከበላው ምግብ ጋር እንዳይሻማ ነው። ውሃ ግን ይጠጣል። የሚገርመው፣ ለቀዶ ሕክምና ሰመመን የሚወስድ ጤነኛ ሰው እንኳ ሁለት ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ውሃ እንዲጠጣ የሰመመን ሐኪሞች መመሪያ ይፈቅድለታል። ነቅቶ ለሲቲ ስካን ዐሥር ደቂቃ ለሚጋደመው ግን ሌሊቱን ሙሉ መጠማት ለጥንቃቄ ነው ይሉናል። የስኳር ሕመም ያለበትም እዚያው ወንበር ላይ እየተንቀጠቀጠ ይጠንቀቅ።

ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሰዓት ቆርጠን ማክበር አንችልም ማለት ደግሞ ሐሰት ነው። ከኢትዮጵያ የሚመጣው ጫት በየቀኑ ከቀትር በኋላ ከተፍ ይላል፤ ከተማው በሙሉ ሰዓቱን ያውቀዋል። ቢዘገይ ይጠወልጋላ! ሕመምተኛ አይጠወልግም መሰለኝ።

ስለዚህ ጹሙ የሚለው የቀጠሮ ወረቀት ይቀየር አልልም፤ ለእያንዳንዱ ሰው የየራሱ ሰዓት ይሰጠው ብዬም አላስቸግርም። የቀጠሮ ክፍሉ ሠራተኞችና አለቆቻቸው ብቻ በጾመኞቹ ማኅበር ይግቡ። ከእኩለ ሌሊት ጀምረው ቡናም ውሃም ሳይቀምሱ ጠዋት ይምጡ፤ የሚያፈጥሩትም የመጨረሻው ሕመምተኛ ከማሽኑ ሲወርድ ይሁን።