ታሆ እንሂድ ባዮች፣ ሰንሰለታችሁ የት አለ?

ፌብሩዋሪ ሲገባ የኦክላንድ ሐበሻ ሁለት ዓይነት ይሆናል፤ ታሆ ሐይቅ ደርሶ የመጣና ታሆ ልሄድ ነው የሚል። ሁለተኛው በቁጥር ይበልጣል፣ በወሬም እንዲሁ። ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ማኪያቶ ከበን ተቀምጠን አንዱ «የፕሬዚዳንቶች ቀን ረጅም ዕረፍት ነው፤ ለምን አንሄድም?» ካለ አለቀ። ቤት ይከራያል፣ መኝታ ይደለደላል፣ ማን የሚያንኮራፋው ጋ እንደሚተኛ ዕጣ ይወጣል። ስለ መንገዱ ግን ትንፍሽ የሚል የለም። አፌ የማያርፍ ሰው ስለሆንኩ እኔው አነሳሁት።

«የኔ መኪና ኦል ዊል ድራይቭ ነው፤ በረዶ ምን ያመጣል?» አለ ባለ አዲሱ መኪና፣ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ።

«አራቱም ጎማ የሚገፋው ለመሄድ ነው። ለመቆምማ የኔ አሮጊት ኮሮላም አራት ፍሬን አላት።»

«የጎማ ሰንሰለት ግን እኔን አይመለከተኝም አይደል?»

«ላታስረው ትችላለህ፤ ሳትይዝ መሄድ ግን አትችልም።»

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ የካሊፎርኒያን ሕግ ዘረገፍኩት። የመንገዱ ምልክት «አር ዋን» ካለ የበረዶ ጎማ ያለው ወይም በአራቱም ጎማ የሚነዳ ያልፋል፣ ሌላው ያስራል። «አር ቱ» ካለ በአራቱም ጎማ የሚነዳና አራቱም ጎማው የበረዶ የሆነ ብቻ ሳያስር ያልፋል፤ እሱም ሰንሰለቱን ጭኖ። «አር ስሪ» ካለ ማንም ሳያስር ንቅንቅ አይልም፤ ብዙ ጊዜ ግን እዚያ ከመደረሱ በፊት መንገዱን ይዘጉታል። ቁጥጥሩ ባለበት ደግሞ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ወይም 30 ማይል ነው።

«በሰላሳ ማይል? አህያ ይሻለኛል።»

«አህያዋ ተራራ ስታይ ታስባለች።»

እዚህ ላይ ጋሼ ገቡ። ጋሼ አገር ቤት እያሉ የጭነት መኪና ይነዱ ነበር፤ ስለ መኪና ሲወራ ዝም አይሉም። «ልጆች፣ እኛ እኮ የእንጦጦ ልጆች ነን። ተራራ ነው ያሳደገን!»

«ልክ ነዎት ጋሼ። ኢንተርስቴት 80 ዶነር ሰሚት ላይ ሲወጣ ከፍታው 2,200 ሜትር ገደማ ነው፤ አዲስ አበባ ከ2,300 በላይ ነች። በከፍታማ እርስዎ ቁልቁል ነው የሚያዩት። ግን ማነው እንጦጦ ላይ ጎማው ላይ ሰንሰለት ያሰረ?»

«እንጦጦ ላይ ሰንሰለት የሚታሰረው ለሌባ ነው» አሉና ሳቁ።

ልዩነቱ ከፓስፊክ የሚመጣው ማዕበል ነው። ደመናው ሴራ ኔቫዳ ተራራ ላይ ወጥቶ ሲበርድ የያዘውን ሁሉ እዚያው ያራግፋል። ጎረቤታችን የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዶነር አጠገብ የበረዶ መለኪያ ጣቢያ አለው፤ እ.ኤ.አ. ከ2022 እስከ 2023 በነበረው ወቅት የወረደውን ሲደምረው 754 ኢንች ሆነ። አሥራ ዘጠኝ ሜትር ማለት ነው።

«ስድስት ፎቅ በለኛ!»

«ያውም አሳንሰር የሌለው።»

እትዬ እስካሁን ስኒዋን ይዛ ዝም ብላ ነበር። «እንዲህ ከሆነማ ሐይቁም ረግቶ ድንጋይ ሆኗል፤ ምኑን ልናይ ነው?»

«አይረጋም እትዬ። ታሆ ወደ ታች 501 ሜትር ነው። ላይ ላዩ ሲቀዘቅዝ ይሰምጣል፣ ሞቅ ያለው ከታች ይተካል። ያን ሁሉ ውሃ ለማርጋት አንድ የብርድ ወቅት አይበቃውም።»

«ከጣና ይበልጣል ልትለኝ ነው?»

«በጥልቀት ብቻ። ጣና ጥልቅ በሚባለው ቦታ 15 ሜትር ቢደርስ ነው። ስፋቱ ግን ታሆን ስድስት ጊዜ ይውጠዋል።»

«ወንዝስ?»

«ከታሆ አንድ ወንዝ ብቻ ይወጣል፣ ትራኪ ይባላል። ኔቫዳ ገብቶ በረሃ ውስጥ ፒራሚድ ሐይቅ ላይ ይቀራል።»

«እንደ አዋሽ።»

«እንደ አዋሽ።»

«ታዲያ ባሕር ላልደረሰ ወንዝ ነው እኔን በዚህ ብርድ የምታንከራትተኝ?» አለችና አፌን አስያዘችኝ። ሰው ሁሉ በኔ ላይ ሳቀ፤ ሲያንሰኝ ነው።

ባለ ስልኩ ሊያድነኝ ብሎ ይሁን ሊያጠፋን «አትጨነቁ፤ 80 ከተጨናነቀ ስልኬ አቋራጭ ያወጣልናል» አለ።

«ዶነር ሰሚት ስሙን ከማን እንዳገኘ ታውቃለህ?»

«ከሀብታም?»

«ከአቋራጭ።»

እ.ኤ.አ. በ1846 በዶነር ቤተሰብ ስም የሚጠሩ፣ ከ80 በላይ የሆኑ ስደተኞች በበሬ ጋሪ ወደ ካሊፎርኒያ ሲጓዙ ላንስፎርድ ሄስቲንግስ የሚባል ሰው በመጽሐፉ ያስተዋወቀውን አቋራጭ ያዙ። አቋራጩ መንገድ ሊያሳጥር ቀርቶ ሳምንታት በላባቸው። ተራራው ሥር ሲደርሱ በረዶው ቀድሟቸው ነበር፤ ተቀረቀሩ። ግማሽ ያህሉ አለቁ፤ ከተረፉትም የሞቱትን ሥጋ የበሉ አሉ። የዛሬውም ስልክ ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሰዉን በረዶ ወዳልተጠረገበት የጫካ መንገድ ይሰደዋል። በ1846 የነበረው ሄስቲንግስ ነው፣ አሁን ባትሪ ገጥመውለት።

«ባቡር አይሻልም?» አለ አንዱ።

«በ1952 ጃንዋሪ ከ200 በላይ ሰው የጫነ ባቡር እዚያው ተራራ ላይ በረዶ ውጦት ቀናት አድሯል።»

«አንተ ሰውዬ፣ ታሆን ነው የምታስጎበኘን ወይስ መቃብር?»

እሺ፣ ወደ ሰንሰለቱ። «እዚያው ስንደርስ እናስራለን» የሚለውን ሰው እኔ በደንብ አውቀዋለሁ፤ እሱ ሳጥኑን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። መንገድ ዳር ቆመሃል። ጨልሟል። ጎንህ ባለ 18 ጎማው ጭቃማ በረዶ እየረጨብህ ያልፋል። ሰንሰለቱ ከሳጥኑ ሲወጣ እንደ ልጅ ሹሩባ ተተብትቧል፤ በደነዘዘ ጣት ፍታው። መኪናህ በፊት ጎማ ከሚነዱት ከሆነች የፊት ጎማው ላይ ነው የሚታሰረው፤ ኋላ አስሮ የሚፎክር አይቻለሁ። ጎማው ላይ ታለብሰዋለህ፣ መጀመሪያ በስተውስጥ ያለውን መንጠቆ እጅህን ከጎማው ጀርባ አሾልከህ በዳበሳ ታያይዛለህ፣ ከዚያ የውጪውን፣ ከዚያ ላስቲኩን ትወጥራለህ። ጥቂት ሜትር ነድተህ ትቆማለህ፤ ላልቷልና ደግመህ ታጠብቃለህ። ጉልበትህ ሥር የምታነጥፈው አሮጌ ላስቲክና ጓንት ከሌለህ ሱሪህም እዚያው ይረጋል። ስለዚህ ቅዳሜ ረፋድ፣ ፀሐይ ላይ፣ እቤትህ በር ላይ አንዴ ሞክራት።

«ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«ኦክላንድ ውስጥ? ጎማህን ሌባ እንዳይወስደው አሰረ ይላል።»

«ለሚያስረው ሰው ብከፍልስ?»

«አለ፤ ፈቃድ ያለው፣ ቁጥር ደረቱ ላይ የለጠፈ። እሱ ግን ያስርልሃል እንጂ ሰንሰለት አይወልድልህም።»

«መኪና ብንከራይስ?»

«አብዛኞቹ አከራዮች ሰንሰለት ማሰር ይከለክላሉ። ውሉን አንብብ።»

«ውል ማን ያነባል?»

«ክሱ ሲመጣ አንተ።»

እትዬ ወደ ምግቡ አዞረችው፤ ዶሮ ወጥ፣ ድፎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ። በዚህ አልቀለድኩም፤ መንገድ ተዘግቶ መኪና ውስጥ ለሚያድር ሰው በሶን የሚያህል ወዳጅ የለም። «ከሰልም ይዣለሁ» ስትል ግን ሳቄን ዋጥኩ።

«ከሰሉ ይቅርብሽ እትዬ። ቤቱ ለብርድ ተብሎ ግጥም ተደርጎ የተዘጋ ነው፤ የከሰል ጭስ የሚያደርገውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ። መኪናም ውስጥ ያው ነው፤ ቆመን ሞተር ካስነሳን መጀመሪያ ወርደን ጭስ ማውጫው በበረዶ አለመደፈኑን ማየት አለብን።»

«ቡናውስ?»

«በኤሌክትሪክ።»

«ያለ ጭስ ቡና? ከዚህስ ዶነሮቹ ምን ጎደለባቸው!»

ኤመራልድ ቤይ ፎቶ ልነሳ ያለችዋን ልጅ አልሸነገልኳትም፤ እዚያ የሚያልፈው 89 ቁጥር መንገድ የበረዶ ናዳ ሲያሰጋ ይዘጋል። የባለ አዲሱ መኪና ትንሽ ወንድም ደግሞ ስኪ ተመዝግቧል።

«ሐበሻን ከስኪ ጋር ምን አገናኘው?» አሉት ጋሼ።

«ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ኦሎምፒክ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል እኮ።»

«እሱ በስኪ ነው የተንሸራተተው። ያንተ ወንድም በመኪና ነው።»

ወሬው መነሻ ሰዓቱ ላይ ደረሰ። «12 ሰዓት ላይ» ተባለ፣ ሁሉም ተስማማ። ግማሹ በሐበሻ፣ ግማሹ በፈረንጅ እንደተስማማ ያወቅነው ኋላ ነው። በፈረንጁ 12 የሚነሳ ሰው ተራራው ላይ የሚደርሰው ሲመሽ ነው፤ ቀን የቀለጠው መልሶ ሲረጋ፣ አስፋልቱ እርጥብ ብቻ መስሎ በስስ በረዶ ሲሸፈን። ድልድይ ላይ ይብሳል።

«ሰኞ ማታ ግን የግድ እመለሳለሁ፤ ማክሰኞ ሥራ አለኝ» አለ ባለ አዲሱ መኪና።

«ለመንገዱ ንገረው።»

«ቁም ነገሬን ነው።»

«እኔም። አለቃህን ከአሁኑ አስፈቅድ፤ ሰኞ ከሰዓት የቤይ ኤሪያ ሰው በሙሉ ነው አብሮህ የሚወርደው። ቤንዚንህ ከግማሽ በታች አይውረድ።»

«እሺ፣ እዚያ ሳንደርስ መንገዱ ቢዘጋስ?»

«ተራራው ሳይጀምር ኦበርን ላይ ቆመን የካሊፎርኒያ መንገዶችን የሚያስተዳድረውን የካልትራንስን ካርታ እናያለን። ተዘግቷል ካለ እንመለሳለን። ከዚያ አልፈን ኮልፋክስ ደርሰን እንጨቃጨቅ ማለት የለም፤ እዚሁ ተማምለን እንነሳ።»

«እና ዶሮ ወጡ?» አለች እትዬ።

«ኦበርን ላይ እንበላዋለን።»

«የተከራየነው ቤት ገንዘብስ?» አለ ባለ አዲሱ መኪና።

ጋሼ ቆባቸውን አነሱ። «እሱን ኦል ዊል ድራይቭህ ይመልስልህ።»