በረኪናና አቼቶ

ሽሮ ገንፍሎ ምድጃ ላይ ሲፈስ ቸስ ይላል። ያኔውኑ እሳቱን ዘግቶ፣ ትንሽ አብርዶ በእርጥብ ጨርቅ ቢጠርጉት የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ ዓመቱን ሙሉ «በኋላ» እያልኩ አሳለፍኩት። በሽሮው ላይ ቁሌት፣ በቁሌቱ ላይ ቅቤ፣ በዚያ ላይ ደግሞ እሳት። ቅባት ደጋግሞ ሲቃጠል እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፤ በጥፍር አይነሳ፣ በላርጎ አይለቅ።

የጸሎተ ሐሙስ ዕለት ጉልባኑን ጥጄ፣ ለፋሲካ ድፎ የምጋግርበትን ኦቨን ልሞክረው ብዬ ለኮስኩት። ውስጡም ቅባት ከርሞበት ኖሮ ጭሱ ወጥ ቤቱን ሞላው። እንግዳ የሚቆርሰው ዳቦ እዚህ ውስጥ እንዴት ይጋገራል? አጠፋሁትና ሲበርድ በሩን ከፍቼ በረኪና አፈሰስኩበት። ንቅንቅ አላለም። ሁለቱም ለየብቻ የሚያጸዱ ከሆነ አብረው ይበረታሉ ብዬ አቼቶ ጨመርኩበት። ለማሸት ጎንበስ ስል ጉሮሮዬን አንድ ነገር አነቀኝ። ዓይኔ ነደደ፤ ሳሉ አላስተነፍስ አለኝ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ሳሌን ሰምተው የገቡት ጎረቤቴ ናቸው፤ በሆስፒታል ጽዳት ሠራተኝነት ኖረው ጡረታ የወጡ እናት። «ውጪ ልጄ፣ ውጪ! ምን ቀላቅለሽ ነው?» ብለው በክንዴ ጎትተው በረንዳ ላይ አቆሙኝ። አፍንጫቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ተመልሰው መስኮቱን ከፈቱ። «በረኪና ከንጹህ ውሃ ጋር እንጂ ከምንም አይቀላቀል። እኛ ሥራ ስንገባ መጀመሪያ ያስተማሩን ይሄንን ነው» አሉኝ።

ከሁለቱ የሚወጣው ክሎሪን ነው፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1915 ቤልጂየም ውስጥ ኢፕር ላይ በጠላት ወታደሮች ላይ የለቀቁት ጋዝ። ከአየር ስለሚከብድ እንደ ኦቨን ባለ ጎድጓዳ ቦታ ይተኛል፤ እኔ ደግሞ ፊቴን ያስገባሁት እዚያው ነው። እሳቸው ባይደርሱ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር ሳስበው አሁንም ይዘገንነኛል።

ቤቱ በደንብ ከተናፈሰ በኋላ ኦቨኑን በብዙ ውሃ አጠብነው። ማታ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ውሃ እንደ ጥርስ ሳሙና ለውሰን ወለሉንና ግድግዳውን ቀባነው፤ እሳት የሚወጣበትን ቦታ ግን አልነካንም። አድሮ ጠዋት ያ ዓመት ሙሉ የከረመ ጥቁር በእርጥብ ጨርቅ እየተላጠ ተነሳ። የበሩን መስታወት በለስላሳ ስፖንጅ ብቻ አሸሁት፤ የብረት ሽቦ ይጭረዋል።

ከላይ ያለው ምድጃም የራሱ ጣጣ ነበረው። ሽሮው የጋዙን መውጫ ቀዳዳዎች ስለደፈነ ነበልባሉ በአንድ በኩል ቢጫ ሆኖ የድስቱን ቂጥ ያጠቁር ነበር። ቢጫ ነበልባል ጋዙ በደንብ አለመቃጠሉን ያሳያል፤ ከዚያ የሚወጣው ጭስ የለሽ መርዝ በዝግ ቤት ውስጥ የከሰል ፍም ሰው የሚገድልበት ያው ነው። ክዳኖቹን አንስቼ፣ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በመርፌ ከፍቼ፣ አጥቤ በደንብ አደረቅኳቸው። ስለኩሰው ነበልባሉ ዙሪያውን ሰማያዊ ሆነ።

ቅዳሜ ማታ ድፎው ጭስ ጭስ ሳይል በሰለ። የመጀመሪያውን ቁራሽ ለጎረቤቴ ወሰድኩላቸው። በረኪናው አሁን መታጠቢያ ቤት ነው የሚቀመጠው፤ አቼቶው ወጥ ቤት። እባካችሁ፣ እናንተም ዛሬውኑ ለዩዋቸው።