ደመወዝ በዱቤ

ዋሽንግተን ዲሲ፣ መስከረም 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰፈርዎ ዶሮ ማነቂያ ከፈረሰ ወዲህ የት ብዬ እንደምጽፍልዎ ስለቸገረኝ ይህን ደብዳቤ ወደ አገር ቤት ለሚመጣ ሰው ሰጥቼዋለሁ። ቤትዎ ኮንዶሚኒየም ቢሄድም እርስዎ ከፒያሳ እንዳልሄዱ አውቃለሁ። ስለዚህ ቶሞካ ቡና ቤት በር ላይ ቆሞ «ስለ ጊዮርጊስ የሚጮኸው ሽማግሌ የታል?» ብሎ እንዲጠይቅ ነግሬዋለሁ።

ባለፈው ስልክ ስንነጋገር «እዚያ አገር ለኳስ ተጫዋች 700 ሚሊዮን ዶላር ይከፈላል አሉ፤ የእህትህን ልጅ ቶሎ ውሰደው» ብለውኛል። ጋሼ፣ ልጁ እኮ የግራ መስመር ተከላካይ ነው። 700 ሚሊዮኑ የተፈረመው ለቤዝቦል ተጫዋች ነው። ቤዝቦል ማለት ጃንሜዳ ከሚያዩት የገና ጨዋታ ዱላውንና ጥንጓን ብቻ አስቀርተው፣ ሩጫውን፣ ግፊያውንና ፉከራውን በሙሉ ያስወጡበት ጨዋታ ነው። አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ይመታል፣ የቀሩት ሣር ላይ ቆመው ይጠብቃሉ። ተራው ያልደረሰው ደግሞ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሱፍ እየፈለፈለ ይተፋል። ሙሉ ዓመት ሱፍ እየተፉ ሚሊየነር መሆን የሚቻልበት አገር ይኸው ነው።

ገንዘቡ ግን እውነት ነው፤ ወሬው አልተጋነነም። ሾሄ ኦታኒ የሚባል ጃፓናዊ አለ፤ ወርዋሪም መቺም ነው። በፈረንጅ 2023 መጨረሻ የሎስ አንጀለሱ ዶጀርስ ለ10 ዓመት በ700 ሚሊዮን ዶላር አስፈረመው። ጉዱ ከዚህ በኋላ ነው። ልጁ አሁን የሚወስደው በዓመት 2 ሚሊዮን ብቻ ነው። የቀረውን 680 ሚሊዮን «ዱቤ ያዙልኝ» አለ! ከ2034 እስከ 2043 በየዓመቱ 68 ሚሊዮን ይከፈለዋል፤ ወለድም የለውም። ቡድኑ እስከዚያ በተረፈው ገንዘብ ሌላ ተጫዋች ይገዛል፣ ከደመወዝ ብዛት የሚመጣውም ቅጣት ይቀልለታል። እኔ ቀጣሪዬ ደመወዜን በሁለት ቀን ቢያዘገየው ደሜ ይፈላል።

ዱቤውን የጀመረው እሱ አይደለም። ቦቢ ቦኒላ የሚባል ሰውዬ አለ፤ ጨዋታ ያቆመው በ2001 ነው። የኒው ዮርኩ ሜትስ ሲያሰናብተው ገና ያልከፈለው 5.9 ሚሊዮን ዶላር ነበረበት። «አሁን አትስጡኝ፤ በ8 በመቶ ወለድ ቆይታችሁ ስጡኝ» አላቸው። ከ2011 ጀምሮ በየዓመቱ በፈረንጅ ሐምሌ ሲጠባ 1.19 ሚሊዮን ይገባለታል፤ እስከ 2035። ያን ጊዜ ዕድሜው 72 ይሆናል። ከእርስዎ ጡረታ ጋር እንዳያወዳድሩት አደራ።

የኛ ከተማ ቡድን ናሽናልስ ይባላል፤ በ2025 ግርጌ ነበር። በ2019 ዋንጫ ሲበላ ስቲቨን ስትራስበርግ የሚባል ወርዋሪ ጀግና ሆኖ ነበርና ለ7 ዓመት 245 ሚሊዮን ፈረሙለት። ከፊርማው በኋላ ትከሻና አንገቱ አሞት ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የጀመረው 8 ጨዋታ ብቻ ነው። ገንዘቡን ግን አልነኩበትም፤ በቤዝቦል የታመመ ሰው ውል አይቀደድበትም። ይህን ለእህቴ ልጅ በደንብ ይንገሩልኝ፤ ወደዚህ ነገር እመለሳለሁ።

እኔ ታክሲ ስለምነዳ ስለ ደመወዝ የሚፈረደው ሁሉ ከኋላ ወንበሬ ላይ ነው። በ2022 ይኸው ቡድን ሁዋን ሶቶ ለሚባል ልጅ 440 ሚሊዮን አቅርቦለት «እምቢ» አለ። ወደ ሳንዲዬጎ ለወጡት። ተሳፋሪው ሁሉ «ስግብግብ!» እያለ ሲሰድበው ከረመ። በ2024 መጨረሻ ሜትስ ለ15 ዓመት በ765 ሚሊዮን ወሰደው፤ ዱቤም የለበት። ጋሼ፣ እኔ በሕይወቴ እምቢ ብዬ የተጨመረልኝ እንጀራ ብቻ ነው፤ እሱም እናቴ ቤት።

አንድ ነገር ግን ይገርመኛል። ሶቶን የሚሰድበው ሰው የቡድኑን ባለቤት ሲሰድብ ሰምቼ አላውቅም። የኒው ዮርኩን ያንኪስ በ1973 እነ ስታይንብሬነር የገዙት 10 ሚሊዮን በማይሞላ ዶላር ነው። ዛሬ ፎርብስ ከ8 ቢሊዮን በላይ ያወጣል ይላል። ዱላ ሳይነኩ፣ ሱፍ ሳይተፉ! ናሽናልስንም የለርነር ቤተሰብ በ2006 በ450 ሚሊዮን ሲገዛው፣ ስታዲየሙን የሠራለት የከተማው አስተዳደር ነው፤ ከ600 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጥቶበት በ2008 ተከፈተ። የታክሲ ግብሬ በውስጡ አለ ብዬ ባጠገቡ ባለፍኩ ቁጥር በኩራት ጥሩምባ እነፋለሁ።

ተጫዋቹም ቢሆን ይህን ያገኘው በምርቃት አይደለም። ድሮ አንድ ተጫዋች አንዴ ከፈረመ ቡድኑ እስኪጥለው ድረስ የቡድኑ ንብረት ነበር፤ ሲፈልጉ ይሸጡታል፣ ሲፈልጉ ይለውጡታል። በ1966 ማርቪን ሚለር የሚባል የብረት ሠራተኞች ማኅበር ሰው መጥቶ ተጫዋቾቹን በማኅበር አደራጃቸው። በ1969 የሴንት ሉዊሱ ከርት ፍለድ፣ ጥቁር ነው፣ ወደ ፊላደልፊያ ሲለውጡት «እኔ ዕቃ አይደለሁም» የሚል ደብዳቤ ለሊጉ ኃላፊ ጻፈ። በገና ዋዜማ! ያኔ በዓመት 90 ሺህ ዶላር ያገኝ ነበርና «ምን ጎደለህ?» ያላለው ሰው የለም። በ1972 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደበት። ኑሮው ተበላሸ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሁለት ወርዋሪዎች በግልግል ዳኛ ፊት ያንኑ ክርክር አንስተው ረቱ፤ በሩ ተከፈተ። በ1976 አማካይ ደመወዝ 51 ሺህ ገደማ ነበር። ዛሬ 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። ፍለድ ከዚህ ሁሉ አንዲት ሳንቲም አልደረሰችውም። ሐውልት ሊቆም የሚገባው ለእሱ ነበር፤ የቆመው ግን ለመቺዎቹ ነው።

እንግዲህ ወደ አራዳ ልመለስ። በ1928 ዓ.ም. አየለ አትናሽና ጆርጅ ዱካስ የጊዮርጊስን ክለብ ሲመሠርቱ የፊርማ ገንዘብ የሚባል ነገር አልነበረም። ይድነቃቸው ተሰማ 23 ዓመት ለአንድ ማልያ ሲጫወቱ «ልሂድ» ቢሉስ ወዴት ይሄዱ ነበር? ዛሬ ጊዜው ተለውጧል። እርስዎ «ልጆቹ ገንዘብ አቅብጧቸዋል» ይላሉ፤ በ2011 ዓ.ም. ክረምት ፌዴሬሽኑና ክለቦቹ ተሰብስበው የወር ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር አይበልጥም ብለው ጣሪያ ሲሠሩም አጨብጭበዋል። ጣሪያውማ ተሠራ። ከዚያ ወዲህ ግን እርስዎ ራስዎ በስልክ የሚያወሩልኝ ሁሉ ከጣሪያ በላይ ስላለው ነው።

የኔ ጥያቄ ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ከማን ኪስ ነው የሚወጣው? እዚህ ከንቲባው ስታዲየም ይሠራል፣ ባለሀብቱ ደመወዝ ይከፍላል። እዚያ አብዛኛውን ክለብ የያዘው የከተማ አስተዳደርና የመንግሥት ድርጅት ስለሆነ ደመወዙን የሚከፍለው ከንቲባው ነው፤ ስታዲየሙ ደግሞ ለዓመታት እድሳት ላይ ነበር። ብሔራዊ ቡድኑም «በሜዳዬ» እያለ ሰው አገር ስንት ጊዜ ተጫውቷል! በር ላይ ቲኬት ካልተቆረጠ፣ ማልያው በሸራ ተራ ከተሸጠ፣ ክለቡ በጀት እንጂ ሀብት የለውም። በጀት ሲዘገይ ደግሞ የሚዘገየው የልጁ ደመወዝ ነው። ሊጉ በ2013 ዓ.ም. ከዲኤስቲቪ ጋር ለአምስት ዓመት ሲፈራረም በጠቅላላ የተነገረው 68 ሚሊዮን ዶላር ነበር፤ ፒያሳ ያን ሰሞን ደግሳ ነበር አሉ። 68 ሚሊዮን! ኦታኒ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ተቀምጦ በአንድ ዓመት የሚቀበላት ዱቤ ማለት ናት።

ስለዚህ ጋሼ፣ ልጁን «ስግብግብ አትሁን» ብለው አይቆጡት። ከመፈረሙ በፊት ውሉን ሙሉውን ያንብብ፣ ቅጂውን ይያዝ፣ ቢጎዳ ምን እንደሚያገኝ ይጠይቅ። ደላላው «ይሄ በወረቀት፣ ያ በእጅ» ካለው፣ በእጅ የተባለው ስንት እንደሆነ ለእርስዎም ለእኔም ይንገረን፤ በሽምግልና ለማስመለስ ቁጥሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤዝቦል የሚለውን ሐሳብ ግን ይተዉት። የግራ እግሩ እንጂ የግራ እጁ ምንም አይረባም፤ ልጅ ሳለ ማንጎ ላይ ድንጋይ ሲወረውር የጎረቤት መስኮት ነበር የሚመታው።

የማኅበሩን መዋጮና ለጽዋው የጠየቁኝን ገንዘብ በተመለከተ ቃሌን አላጠፍኩም። ኑሮ ስለከበደኝ ከማኅበርተኛው ጋር እንደ ትልቅ ተጫዋች ልደራደር አስቤያለሁ፤ አሁን በዓመት ጥቂት እልካለሁ፣ ዋናውን ከ2034 ጀምሮ በየዓመቱ እከፍላለሁ። ሰብሳቢው የቦኒላን 8 በመቶ ከጠየቁ ግን ይንገሩኝ፤ ሌላ ማኅበር እፈልጋለሁ።



አክባሪዎ፣ የእህትዎ ልጅ