ወራጅ አለ፣ በደንቡ መሠረት

አዲስ አበባ ውስጥ «ወራጅ አለ!» ከተባለ ሚኒባሱ የትም ይቆማል። የቶሮንቶ ትራንስፖርት ድርጅት ግን ለዚሁ ነገር ደንብ አወጣለት። እ.ኤ.አ. በ1991 ለሴቶች ብቻ ፈቀደ፤ ለሌላው ተሳፋሪ ለመፍቀድ 20 ዓመት አሰበበት።

ዛሬ የቶሮንቶ ክፍል በሆነው ስካርቦሮ ውስጥ በአውቶቡስ የሚጓዝ ሁሉ፣ ከምሽቱ 3 እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት፣ በሁለት ፌርማታ መሃል ልውረድ ማለት ይችላል። ቢያንስ አንድ ፌርማታ አስቀድሞ ለሹፌሩ መንገር አለበት። መውረጃው የፊት በር ብቻ ነው፤ ተከትሎ የሚወርድ እንዳይኖር የኋላው አይከፈትም። (የእኛዋ ሚኒባስ በር አንድ ስለሆነ ከዚህ ጣጣ ተገላግላለች።)

ጉዱ ያለው ከወረዱ በኋላ ነው።

ሰፊው ሎውረንስ ጎዳና ላይ መኪና ዝር አይልም። በጅብ አገር ያደገ ጎልማሳ ግን የእግረኛ መሻገሪያውን ቁልፍ ተጭኖ፣ ኮፍያውን ጆሮው ድረስ ስቦ፣ መብራት ላይ የሚታየውን ነጭ ሰውዬ ይጠብቃል። ብርቱካናማው እጅ ብልጭ ድርግም እያለ መሻገር መጀመር በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ሕግ ጥፋት ነዋ!

ጅቡ ባይኖርም ኮዮት የሚባል ቀበሮ መሰል አውሬ አለ። የከተማው ምክር፦ አይሩጡ፣ ጀርባ አይስጡ፣ እጅዎን እያወናጨፉ ይጩኹ። አቤቱታ በ311 ስልክ ይቀርባል።