አራስ ቀበሮ ፎቶ ለማንሳት ለሚሹ ሁሉ

አሽቀሎን ብሔራዊ ፓርክ ግልገል ፎቶ ሊያነሱ ከመጡ፣ አስቀድሜ አንድ የምሥራችና አንድ መርዶ ልንገርዎት። የምሥራቹ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቢያነጣጥሩበት ንቅንቅ የማይል ጥጃ ነበር፤ ቁመቱ አሥር ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ከነሐስ ተሠርቶ ብር የተለበጠ፣ የራሱ የሸክላ ቤት ያለው። መርዶው፣ በ1990 እ.ኤ.አ. ሎውረንስ ስቴገር የመሩት የቁፋሮ ቡድን አግኝቶት ኢየሩሳሌም፣ እስራኤል ሙዚየም ገብቷል። እናቱ አብራው አልተገኘችም። ስለዚህ እናትና ልጅን አንድ ላይ ለሚፈልግ ሰው የቀረችው ቀበሮ ናት።

ቀበሮ ስንል ግን እንግባባ። ለእናቴ “ቀይ ቀበሮ አየሁ” ያልኳት ቀን ዓይኗ እንባ አቀረረ። ለእሷ ቀይ ቀበሮ ማለት የሰሜን ተራራው፣ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የማይገኘው፣ አይጥ እያደነ የሚኖረው ባለ ረጅም እግር ነው። እዚህ ያለው ዕብራይስጡ ሹዓል የሚለው ነው፤ ጭራው ድንቡሽቡሽ ያለ፣ የጭራው ጫፍ ነጭ፣ የጆሮው ጀርባ ጥቁር። ማታ ማታ በኅብረት የሚያላዝነው ደግሞ ሌላ ነው፤ እሱ ታን ነው፣ እሱንም ቀበሮ እንለዋለን። ቋንቋችን በዚህ ጉዳይ ቸር ነው፤ ለሦስቱም አንድ ስም አብቃቅቶ ገላግሎናል።

ጊዜውን ይወቁ። እናቲቱ ሃምሳ ሁለት ቀን ያህል አርግዛ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ከፑሪም እስከ ፋሲካ ባለው ግድም ትወልዳለች። ግልገሎቹ ዓይናቸው ሳይገለጥ፣ ጠቆር ያለ ሱፍ ለብሰው ነው የሚመጡት። ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆናቸው ዓይናቸው ይገለጣል፤ ያን ጊዜ ሰማያዊ ነው፣ ኋላ ወደ ማር መልክ ይለወጣል። ገላቸውን ራሳቸው ማሞቅ ስለማይችሉ እናታቸው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከጎናቸው አትለይም። ወንዱ እያደነ ያመጣውን ጉድጓዱ አፍ ላይ ጥሎላት ይሄዳል። አራት አምስት ሳምንት ሲሞላቸው ብቅ ብቅ ማለት ይጀምራሉ። እርስዎ የሚፈልጉት ይህችን ሰዓት ነው።

መሣሪያን በተመለከተ ባለ 600 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይግዙ። ዋጋው ከመኪናዎ ዋጋ ጋር ቢቀራረብ አይደንግጡ፤ ከሩቅ ተጋድመው፣ ማንንም ሳይረብሹ የፊቷን ፀጉር አንድ በአንድ ያወጣልዎታል። ከገዙት በኋላ ሌንሱን መኪና ውስጥ ይተዉትና ስልክዎን ይዘው ሦስት ሜትር ድረስ ይጠጉ። ሁሉም የሚያደርገው እንደዚያ ነው፤ ከሰው መለየት ምን ይጠቅማል።

ነፋሱንም አይርሱ። ከቀትር በኋላ ከባሕሩ ነው የሚነፍሰው፤ ስለዚህ በባሕሩ በኩል ይቁሙ። ያኔ የሽቶዎ፣ የቡናዎና የትናንቱ ዶሮ ወጥ ሽታ ቀድሞዎት ጉድጓድ ይገባል። ሳይጠሩ ሰው ቤት ከመግባት በጠረንም ቢሆን ማንኳኳት ይሻላል።

እናቲቱ ስትጮህ፣ ጩኸቷ አጭርና ጎርናና፣ ሳል የሚመስል ነው፣ እየጠራችዎት እንደሆነ ይቁጠሩት። በዚያ ድምፅ ግልገሎቹ ተሽቀዳድመው ጉድጓድ ይገባሉ። ፍላሽ ያብሩላቸው፤ ውስጡ ጨለማ ነው። በማግስቱ ተመልሰው ይምጡ። ዕድልዎ ከቀና፣ አንዱን ግልገል ማጅራቱን ይዛ፣ እግሮቹ እየተንጠለጠሉ፣ በጠራራ ፀሐይ ሜዳውን ስታቋርጥ ያገኟታል። ቤት እየቀየረች ነው። በእርስዎ ምክንያት ነው። እንዲህ ያለ ፎቶ በየቀኑ አይገኝምና ቶሎ ያንሱት፤ ከሥሩም “የእናት ፍቅር” ብለው ይጻፉበት። ስንት ልጅ ይዛ ተነሥታ ስንቱን እንዳደረሰች ፎቶው ላይ አይታይም።

አልወጣም ካለች ያብሏት። በነጻነት ቀን ፓርኩ የማንጋል ጥብስ ጭስ ነው፤ የተረፈ የዶሮ ክንፍ ወርወር ወርወር ቢያደርጉላት ብዙም ሳይቆይ ሰው ስታይ የምትሸሽ ሳይሆን ሰው ስታይ ምራቋ የሚመጣ ቀበሮ ትኖረናለች፤ ከዚያ ወዲያ ሌንስ ለምኔ! የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እንዳለ የሚያስታውስዎት የተፈጥሮና የፓርኮች ባለሥልጣን ጠባቂ ከመጣ በትሕትና ያዳምጡት። ደግሞስ መንግሥት ራሱ ያበላቸው የለም? ከ1998 እ.ኤ.አ. ወዲህ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት የተሸሸገበት ምግብ ከአውሮፕላን ይበተንላቸዋል። የመንግሥቱ ምግብ ከሰው እጅ ጋር አያላምዳቸውም፤ ግን ይህን ማን ያጣራል።

ግልገሉን ብቻውን ካገኙት ያለጥርጥር እናቱ ጥላው ሄዳለች። ሃያ እርምጃ ርቃ፣ ቁጥቋጦ ሥር ተጋድማ፣ እርስዎ እስኪሄዱ የምትጠብቅ ሊመስል ይችላል፤ አይታለሉ። ወደ ባለሥልጣኑ፣ በኮከብ 3639፣ ከመደወልዎ በፊት ብድግ አድርገው ይቀፉት፣ ፎቶም ይነሡ። ለእንስሳ ልጅ መንሰፍሰፍ እዚች ከተማ ድሮም ያለ ነው። በፋርሶች ዘመን፣ ከ2,400 ዓመት በፊት፣ እዚሁ ባሕሩ አጠገብ ከሺህ በላይ ውሾች ተቀብረዋል፤ አብዛኞቹ ቡችሎች ናቸው። እያንዳንዱ በየራሱ ጉድጓድ፣ በጎኑ ተኝቶ፣ ጭራው ወደ እግሮቹ ታጥፎ። ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ምሁራን እስካሁን ይከራከራሉ። ሳነበው አንጀቴን የበላኝ ያቺ የጭራ መታጠፍ ናት፤ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ በእጁ አስተካክሏታል ማለት ነው።

ፎቶውን ካነሱ በኋላ ቦታውን ለሁሉም ያሳውቁ። ዳዊት ለሳኦልና ለዮናታን ሲያለቅስ ወሬው በአስቀሎና አደባባይ እንዳይሰማ አደራ ብሎ ነበር፤ አስቀሎና ይህችው አሽቀሎን ናት። ዳዊት ግን ስልክ አልነበረውም። እርስዎ ካርታውን ከፎቶው ጋር ይልቀቁት፤ በሦስተኛው ቀን ጉድጓዱ ዙሪያ ትሪፖድ እንደ ድንኳን ይተከላል። ሶምሶን ሦስት መቶ ቀበሮ ይዞ ጭራና ጭራቸውን አስሮ የፍልስጥኤማውያንን እህል እንዳቃጠለ መጽሐፈ መሳፍንት ይነግረናል፤ ያን ሁሉ እንዴት እንደያዘ ግን አይነግረንም። እኔ የሆነ ሰው የጉድጓዶቹን ቦታ አሰራጭቶለት ነው እላለሁ።

እኔ የማውቀው ጉድጓድ የት እንደሆነ አልነግርዎትም። እሱን ያሳየሁት ለእናቴ ብቻ ነው። ከፋሲካ በኋላ ይዣት ሄጄ ሾላ ጥላ ሥር ወንበሯን ዘረጋሁላትና በጣቴ ከሩቅ አመለከትኳት። አየት አደረገችና ወንበሯን አዙራ፣ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

“እማዬ፣ በዚህ በኩል ነው እኮ።”

“አራስ ናት አላልከኝም?”

እናቴ ባደገችበት የጎንደር መንደር የቤተ እስራኤል ሴት ስትወልድ ከቤት ወጥታ ለብቻዋ ጎጆ ትገባ ነበር። ጎጆዋ ዙሪያውን በድንጋይ ይታጠር ነበር። ምግቧን ያመጣ ሰው ድንጋዩ ጋ አስቀምጦ ይመለስ ነበር፤ አይሻገርም። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን ከቤቷ ተለይታ ትቆይ ነበር። አባቴ እኔ ስወለድ አርባውን ቀን ሙሉ ያየው የጎጆውን ጭስ ብቻ ነው። ፎቶም የለኝም።

“ስንት ቀኗ ነው?” አለችኝ ወደ ባሕሩ እያየች።

በጣቴ ቆጠርኩ። “አርባ ሳይሞላት አይቀርም።”

“የወለደችው ወንድ ነው ሴት?”

“አምስት ናቸው እማዬ። ሁለቱም ሳይኖሩ አይቀሩም።”

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለስ አደረገች። ትንሽ አሰበች።

“ሴት ካለችበት ሰማንያ ነው።”

ቄሶቻችን ዘንድ ይግባኝ ብዬ እንደማልረታ ስለገባኝ ካሜራዬን ቦርሳው ውስጥ መለስኩ። ከጀርባችን፣ ደረቅ ሣር ላይ፣ የሆነ ነገር እየተጯጯኸ ሲንከባለል ይሰማኝ ነበር። አልዞርኩም ብል ዋሸሁ፤ አንዴ ዞሬያለሁ። እናቴ ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

ሰማንያውን ቆጥሬ ሰኔ ላይ ብቻዬን ተመለስኩ። ጉድጓዱ አፍ ላይ ሸረሪት ድሯን ዘርግታለች። አምስቱም ሄደዋል። ደጃፉ ላይ ከባሕር ዳር የተሰረቀ፣ ተረከዙ ታኝኮ ያለቀ ሰማያዊ የሕፃን ነጠላ ጫማ ወድቋል። በሆዴ ተኝቼ፣ ብርሃኑን ጠብቄ፣ ጫማውን አርባ ጊዜ ያህል አነሣሁት።

ማታ ለእናቴ አሳየኋት። ስልኩን ከዓይኗ አራቅ አድርጋ አየችው።

“ሁለተኛው እግርስ?” አለች።