ሞልቷል የማይባልበት መኪና

አዲስ አበባ ውስጥ ጣሪያዋ የተገለጠ መኪና ካያችሁ ወይ ሰርግ አለ ወይ ዘፈን እየተቀረጸ ነው። መኪናዋ በሰዓት የተከራየች ናት፤ ባለቤቷም ከኋላ በሌላ መኪና እየተከተለ “ቀለሟን እንዳትነኩ!” ይላል። ላስታ ላይ፣ በአስተማሪ ደመወዝ፣ ጣሪያው የሚገለጥ መኪና እገዛለሁ ብሎ ለተነሣ ሰው ግን ያለው ምርጫ አንድ ነው፦ ዋዝ።

የዛሬ ልጆች ላያውቁት ይችላሉ። ዋዝ ሶቪየቶች በ1965 ዓ.ም. ማምረት የጀመሩት ባለ ሸራ የጦር መኪና ነው። በደርግ ጊዜ መኮንኑም፣ አስተዳዳሪውም፣ ካድሬውም የሚመጣው በእሱ ነበር። አባቴ እስከ ዛሬ የዋዝ ድምፅ ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ፤ መዋጮ ሊጠየቁ ይመስላቸዋል። የእኔን ይዤ የገባሁ ዕለትም መጀመሪያ የጠየቁኝ “ስንት ስንት ብር ነው?” ብለው ነው።

ለምን የተሻለ አልገዛህም የሚለኝ ብዙ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጀ መኪና ከውጭ በሚያስገባ ሰው ላይ እስከ 500 በመቶ ጫነ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ማስገባት ጭራሹን ቀረ። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ እዚሁ ያረጃል፣ ባረጀ ቁጥርም ይወደዳል። ከዋጋው ውድድር ውጪ ሆኖ ያገኘሁት ማንም የማይፈልገውን ነው።

የገዛሁት ወልድያ አካባቢ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ ካሸነፈ ነጋዴ ነው። የጨረታ ሰነድ ንብረቱ የሚሸጠው “ባለበት ሁኔታ” ነው ይላል። የነበረበት ሁኔታ ይህ ነው፦ ጎማዎቹ ተነቅለው በድንጋይ ቆሟል፣ ሸራው አይጥ በልቶት ብረቱ ብቻ ቀርቷል፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ደግሞ ዶሮ ታቅፋለች። ሻጩ በዋጋው ብዙም አላስቸገረኝም፤ ጫጩቶቹ እስኪፈለፈሉ መኪናውን ላለማንሣት ግን ቃል አስገባኝ።

የጠገነልኝ የድሮ የጦር ሠራዊት ሾፌር ነው፤ ከተማው ሁሉ ጋሼ ይለዋል። ኮምፒውተር የለው፣ ማሽን የለው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ ያደርግና ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። “ሁለተኛዋ ታማለች” አለ። ካንዴላዋን ሲፈታት እውነትም ጥቀርሻ ለብሳለች። ጓርኒሲዮን ሲያስፈልገው ከሱቅ ካርቶን አምጥቶ ብረቱ ላይ አነጠፈና ዳር ዳሩን በመዶሻ እየቆረቆረ ልክ እንደ ብረቱ ቆርጦ አወጣው። በካርቶኑ ላይ “ብስኩት” የሚል ይነበባል። ዛሬም ዘይቱን ይዞ የተቀመጠው እሱ ነው።

ዕቃ የሚገኘው አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ “ዋዝ” ስትሉ ደላላው መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ዋጋ ይጠራል፤ ያኔ የምትስቁት እናንተ አይደላችሁም።

ሞተሩ ተነሣ፤ ነገር ግን ጥቁር ጭስ ብቻ። ላሊበላ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተሩ ለቆላ የተለካውን ቤንዚን ሲያፈስ እሳቱ መጨረስ ያቅተዋል። ጋሼ የቤንዚኑን ቀዳዳ አጠበበው፣ ጭሱም ቀነሰ። ሲወለድ 75 ያህል የፈረስ ጉልበት ነበረው ይባላል። ሩቡን ከፍታው ወስዶታል፤ የቀሩትም ፈረሶች ጡረታ የደረሱ ናቸው። ግራና ቀኝ ሁለት የነዳጅ መያዣ አለው። እኔ ቤንዚን የምገዛው በሃይላንድ ስለሆነ ሁለተኛው ለምን እንደተሠራ አልገባኝም።

ሸራውን የሰፋልኝ ቅዳሜ ገበያ ያለ ድንኳን ሰፊ ነው። ብረቱን በክንዱ ለካና “ስንት ሰው ይቀመጥበታል?” አለኝ፤ በሙያው ልማድ። አሳምሮ ሰፋው። ሸራው ሲጠናቀቅ ደግሞ ገልጬ መንዳት ጀመርኩ፤ ይህ አንድ ጎረቤቴን ቄስ አናደዳቸው። “በዚህ አገር ድንጋዩ እንኳ ጣሪያ ተሠርቶለታል” አሉኝ። የሚሉት በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ በላይ የተተከሉትን መጠለያዎች ነው። “አንተ ያለህን ጣሪያ ትገልጣለህ?” ዐፄ ምኒልክም በ1900 ዓ.ም. የተሳፈሩባት መኪና ክፍት ነበረች ብዬ ተከራከርኩ። “እሳቸው በሐምሌ ላሊበላ አልነዱም” አሉኝ።

እውነት አላቸው። ሸራውን ዘርግቼ፣ ማሰሪያውን አንድ በአንድ ቆልፌ እስክጨርስ በረዶው ዘንቦ ያባራል።

ከዝናቡ የባሰው ግን ሰላምታው ነው። መስታወት ያለው መኪና ሰው ያልፋል፤ ክፍት መኪና አያልፍም። ከጋሸና እስከ ላሊበላ ባለው መንገድ እያንዳንዱን መንገደኛ እንዴት ዋላችሁ ማለት አለብኝ፤ እነሱም ከብቱን፣ ልጁን፣ አዝመራውን ይጠይቁኛል። ሳልመልስ ባልፍ ወሬው ከእኔ ቀድሞ ከተማ ይገባል። ዋናው ጣጣ ደግሞ ሌላው ሾፌር ሁሉ የሚያመልጥበት “ሞልቷል” የሚለው ቃል እኔ ዘንድ አለመሥራቱ ነው፤ ባዶው ወንበር ከተራራው ማዶ ይታያል። አንድ ቅዳሜ ማለዳ አንዲት እናት ፍየላቸውን ይዘው አስቆሙኝ።

“ልጄ፣ ያቺ ወንበር የማን ናት?”

“የጓደኛዬ ናት እማማ፤ ወደፊት ላነሣው ነው።”

“እሱ እስኪመጣ እኔ ላሙቅለት” ብለው ወጡ። ፍየሏ ከኋላ ገባች። ጓደኛዬ የተባለው እስከ ዛሬ አልመጣም።

ገና ሲቃረብማ አይነሣ። በእግሩ የሚመጣው ምእመን ብዙ ነው፤ እግራቸው ያበጠ አዛውንት እያዩ ማለፍም አይቻልም። አንዴ ስምንት ሰውና አንድ ከበሮ ጭኜ ዳገቱን ስወጣ ዋዙ ቆመ። ሁሉም ወርዶ ገፋ፤ ከበሮው ብቻ ተቀመጠ።

አሁን የጎደለኝ የግራው ነዳጅ መያዣ ክዳን ነው። በፌስታልና በጨርቅ አስሬዋለሁ፤ ጋሼ ግን “ሲጋራ የሚያጨስ ሰው እንዳታሳፍር” ብሎኛል። ሶማሌ ተራ የምትመላለሱ አንባቢዎች፣ የዋዝ ክዳን ካያችሁ ሳትከራከሩ ግዙልኝ፤ ገንዘቡን እልካለሁ። ይዞ ለመጣልኝ ከጋሸና ጀምሮ በነፃ አሳፍረዋለሁ፤ የወንበሩን ነገር ግን ከእማማ ጋር ይነጋገር።