ጋሼ ገዢው

መኪና ልገዛ ነው ባልኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስትሸጣትስ?» ገና አልገዛሁም እኮ! ልጆቹ ከኋላ ይበቃቸዋል ወይ፣ ፍሬኗ እንዴት ነው ያለኝ አንድ ሰው የለም። ሙሽራውን በሰርጉ ዕለት «ስትፋቱስ ቤቱ ለማን ይሆናል?» ብሎ እንደመጠየቅ ነው።

ለካ ሞኙ እኔ ነኝ። መኪና የሚገዛው ለቤተሰብ ሳይሆን ለቀጣዩ ገዢ ነው። ይህ ከገባኝ ወዲህ ምርጫው ሁሉ ቀለለኝ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄድ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል «ታዲያ ኤሌክትሪክ ብንይዝስ?» ብዬ ነበር። የባለቤቴ ወንድም እንደ እብድ አየኝ። «ባትሪው ሲደክም ማን ይገዛሃል?» እናቴ፣ ባለቤቴ፣ ሦስት ልጆችና እኔ ስድስት ነን፤ ቪትዝ የምትይዘው አምስት ሰው ነው። ቪትዝ ገዛን። አንዳችን ብንተርፍም እሷ ጠዋት ወጥታ ከሰዓት ትሸጣለች። እኔ ሰማያዊ እወድ ነበር፤ ነጭ ቶሎ ይሄዳል ተባለና ነጭ ሆነች።

ቀጣዩ ገዢ ማን እንደሆነ አናውቅም። እኛ ቤት «ጋሼ ገዢው» ይባላል፤ ገዢ መባሉም ደግ ነው፣ እውነትም ይገዛናል። ጋሼ ገዢው የተገፋ ኪሎ ሜትር አይወድም፤ ስለዚህ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምንሄደው በሚኒባስ ነው። ሽታ አይወድም፤ የፋሲካዋ ዶሮ ከሾላ ገበያ በሰው መኪና ተከብራ መጣች፣ የእኛዋ ሸራዋን ለብሳ ግቢ ቆማ። ጭረት አይወድም፤ ወንበሮቹ ልብስ፣ ልብሶቹ ደግሞ ላስቲክ ለብሰዋል። ከእንጦጦ ስንወርድ እናቴ ላስቲኩ ላይ እየተንሸራተተች፣ የፊቱን ወንበር አቅፋ «ማርያም፣ ማርያም» ትላለች። «እማዬ፣ ወንበሩን አትጭመቂው» እላታለሁ።

ትንሿ ልጄ ትምህርት ቤት «ቤተሰባችሁን ሳሉ» ሲባሉ ስድስታችንን ከሳለች በኋላ ሰባተኛ ጨመረች፤ ፊት የሌለው፣ ሊብሬ የያዘ ሰውዬ። መምህርቷ «አጎትሽ ነው?» ብትላት «አይ፣ የመኪናችን ባለቤት ነው» አለቻት። እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነን የሚባለው እኮ ለዚህ ነው! የመጣውን እንግዳ ማስተናገድ ማንም ይችላል። ላልመጣው፣ ስሙ ለማይታወቀው፣ ምናልባትም አሁን ሌላ ሰው መኪና ላይ ቁጭ ብሎ ዋጋ ለሚከራከረው ሰው ለዓመታት የፊት ወንበር መልቀቅ ግን የእኛ ብቻ ጸጋ ነው። ማታ ማታ ለእሱም ጉርሻ ማስቀረት ሳንጀምር አንቀርም።

እውነት ነው፤ ብር ኪስ ውስጥ እየሟሟ የቆመች ቪትዝ ዋጋዋ በሚንርበት አገር መኪናን እንደ ወርቅ ማስቀመጥ ሞኝነት አይደለም። ወርቅ ውስጥ ግን ስድስት ሰው አይጫንም።

ባለፈው ክረምት መካከለኛው ልጄ ትኩሳት ይዞት ወደ ክሊኒክ ስንበር አስታወከ። ከአፌ መጀመሪያ የወጣው «ወንበሩ!» ነው። ልጄ ታሞ። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይቀላል። ከተናገርኩ አይቀር ሌላም ልጨምር፦ የኋላ ቀበቶዎቹ እንዳይቆሽሹ ከወንበር ልብሱ ሥር ተቀብረዋል። ሦስት ልጆች ያለ ቀበቶ ነው የምጭነው። ይህ ቁጠባ አይደለም፣ ጥጋብም አይደለም፤ ድንቁርና ነው፣ የእኔ።

ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ገዢው በአካል መጣ። ደላላው ከፊት፣ እሱ ከኋላ። ልጆቹ በር ላይ ተሰለፉ፤ ባለቤቴ ረከቦቱን አቀረበች። ኮፈኑን አስከፈተ፣ የዘይት መለኪያውን መዞ አሸተተ፣ ስቱኮ ይኖራት እንደሆነ በጣቱ እያንኳኳ ዞራት። ኪሎ ሜትሯን አይቶ ደላላውን በዓይኑ ጠቀሰው። ከዚያ የኋላውን በር ከፍቶ፣ የወንበር ልብሱን ገልጦ፣ እጁን ከሥር ሰደደና ቀበቶውን ጎትቶ አወጣው። እንደታጠፈ ነው።

«ወይ ጉድ! ጭራሽ አልተነካም እኮ!» አለና ለወንድሙ ደወለ። «እንያዛት። ስንሸጣት አታስቸግረንም።»